ተቆርጦ የሚቀጠል ውርስ፦ ክሮሞሶሞች እንዴት ይለዋወጣሉ?

ከእናታችሁ የወረሳችሁት ክሮሞሶም 1 በእናታችሁ ገላ ውስጥ የለም። የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። እናታችሁ ሁለት ክሮሞሶም 1 አላት፤ አንዱን ከአባቷ፣ ሌላውን ከእናቷ አግኝታለች። ለእናንተ የደረሰው ግን ከሁለቱ አንዱ እንዳለ ተነሥቶ አይደለም። ከሁለቱም እየተቆረጠ የተቀጠለ፣ እናንተ ከመፀነሳችሁ በፊት በአንድ ሕዋስ ውስጥ እንደ አዲስ የተሠራ ክር ነው። አንዱ ጫፍ የሴት አያታችሁ፣ ወገቡ የወንድ አያታችሁ፣ ሌላው ጫፍ ተመልሶ የሴት አያታችሁ ሊሆን ይችላል።

የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይህን ሂደት «ክሮሲንግ ኦቨር» ብለው በአንድ ሥዕልና በጥቂት መስመሮች ያልፉታል፤ ጥቅሙም «በልጆች መካከል ልዩነት መፍጠር» ነው ብለው ይዘጉታል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ዋናውን ነገር ግን ይዘልላል ብዬ አምናለሁ። ክሮሞሶሞች ባይለዋወጡ ኖሮ፣ ልጆች ይመሳሰላሉ ወይስ አይመሳሰሉም ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ጤናማ ልጅ መወለዱ ራሱ አጠራጣሪ ይሆን ነበር።

መነሻውን እናስቀምጥ። የሰው ሕዋስ በአስኳሉ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች ይይዛል፤ 23 ጥንዶች ማለት ነው። እያንዳንዱ ክሮሞሶም በፕሮቲኖች ላይ የተጠቀለለና የተጣጠፈ አንድ እጅግ ረጅም የዲኤንኤ ክር ነው። የአንዲት ሕዋስ ክሮች ሁሉ ተዘርግተው ቢቀጣጠሉ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናሉ። በአንድ ጥንድ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ክሮሞሶሞች፣ የአባትና የእናት ድርሻ፣ ተመሳሳይ ጂኖችን (ጠባይን የሚወስኑ የዲኤንኤ ክፍሎችን) በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይይዛሉ፤ የሚለያዩት እዚህም እዚያም ባሉ ጥቂት የዲኤንኤ ፊደላት ነው፤ ፊደል የምለው በክሩ ላይ በተርታ የተሰለፉትን፣ መልእክቱ የተጻፈባቸውን ጥቃቅን አካላት ነው። እነዚህን ከዚህ በኋላ «አቻ» ክሮሞሶሞች እላቸዋለሁ።

እንቁላልም ሆነ የወንድ ዘር ሕዋስ ሊይዝ የሚገባው 46 ሳይሆን 23 ክሮሞሶም ብቻ ነው። አለዚያ በየትውልዱ ቁጥሩ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንሰው የሕዋስ ክፍፍል ሚዮሲስ ይባላል። ሂደቱ የሚጀምረው ሰው በማይጠብቀው መንገድ ነው፤ ሕዋሱ ከመቀነሱ በፊት ዲኤንኤውን በሙሉ ያባዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክሮሞሶም በፕሮቲን ቀለበቶች የተጣበቁ ሁለት «መንትያ ቅጂዎች» ይሆናል። ከዚያ ሁለት ክፍፍሎች ይከተላሉ። በመጀመሪያው አቻዎች ይለያያሉ፣ በሁለተኛው መንትያዎች። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው፤ ታሪካችንም የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ስሌት እናስገባ። ልውውጥ ጨርሶ ባይኖር፣ ከ23ቱ ጥንዶች እያንዳንዱ የአባትን ወይም የእናትን ድርሻ በዕድል ቢሰጥ፣ አንድ ሰው 8,388,608 ዓይነት የተለያዩ የዘር ሕዋሳት ማዘጋጀት ይችላል። ከሁለት ወላጆች ሲጣመር ቁጥሩ ከ70 ትሪሊዮን በላይ ይደርሳል። ጥያቄው ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ከበቂ በላይ በሆነ ነበር። ታዲያ ሕዋሱ ለምን ክሮሞሶሞቹን መቆራረጥ አስፈለገው?

ሆን ተብሎ የሚደረግ ቁስል

ዲኤንኤ ሁለት ክሮች የተጠማዘዙበት መሰላል መሰል ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያልና ጥገናው ቀላል ነው። ሁለቱም በአንድ ቦታ ሲበጠሱ ግን ሕዋስ ሊገጥመው ከሚችለው አደጋ ሁሉ የከፋው ደረሰ ማለት ነው። ከፍተኛ ጨረር ሰውን የሚጎዳው በዋነኛነት እንዲህ ያለ ስብራት ስለሚያደርስ ነው። አንድ ስብራት ሳይጠገን ቢቀር እንኳ ሕዋሱን ሊገድለው ይችላል።

በሚዮሲስ ጊዜ ግን ሕዋሱ ይህንኑ አደጋ በገዛ እጁ ይፈጥራል። ስፖ11 የተባለ ፕሮቲን ዲኤንኤውን በየቦታው ሁለቱንም ክሮች ይቆርጣል። በአጥቢ እንስሳት በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ቁርጥ ሊኖር ይችላል። ቆራጩ ስፖ11 መሆኑ የታወቀው በእርሾ ላይ በተደረገ ምርምር በ1997 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከ ማስታውሰው ድረስ በሥነ ሕይወት ውስጥ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያስደነገጠኝ የለም። ለትውልድ ሊተላለፍ የተዘጋጀ፣ ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ዲኤንኤ፣ በራሱ ባለቤት በመቶዎች ቦታ ይቆራረጣል።

ከቁርጡ በኋላ የሚሆነውን በዝግታ እንመልከት። ከተቆረጡት ጫፎች የእያንዳንዳቸው አንዱ ክር ይላጥና ሌላው ክር ራቁቱን እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ራድ51 እና ዲኤምሲ1 የሚባሉ ፕሮቲኖች በዚህ ጭራ ላይ ተደርድረው ይለብሱታል። የለበሰው ጭራ ፍለጋ ይጀምራል። የሚፈልገው ከራሱ ጋር የሚመሳሰል የፊደል ሰልፍ ነው፤ የሚፈልግበት መስክ ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፊደላት ያሉበት ነው። ፍለጋውን የሚያግዘው የክሮሞሶሞቹ እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ወቅት ጫፎቻቸው ከአስኳሉ ሽፋን ጋር ተያይዘው፣ ከሽፋኑ ውጭ ባሉ የሕዋሱ ሞተሮች ወዲያና ወዲህ ይጎተታሉ። ሲጎተቱ ይተላለፋሉ፣ ይነካካሉ፣ የማይስማሙት ይላቀቃሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ምርጫ አለ። ተራ ሕዋስ ዲኤንኤው ሲሰበር ለጥገና የሚጠቀምበት አብነት በአጠገቡ የተጣበቀው መንትያ ቅጂ ነው፤ ቅርብ ነው፣ አንድ ዓይነትም ነው። በሚዮሲስ ግን ሕዋሱ ይህን ቀላል መንገድ ሆን ብሎ ያዳክመውና የተሰበረው ጫፍ ራቅ ብሎ የቆመውን አቻ እንዲፈልግ ይገፋፋዋል። የቁርጡ ዓላማም ይህ ነው። የተለያዩ ሁለት ክሮሞሶሞች፣ አንዱ ከአባት ሌላው ከእናት፣ በአስኳሉ ውስጥ ተራርቀው የነበሩ፣ የሚፈላለጉት አንዱ ቆስሎ የሌላውን ፊደል ለመዋስ ሲል ነው።

ጭራው አቻውን ሲያገኝ የአቻውን መሰላል ከፍቶ ይገባና ከሚመሳሰለው ክር ጋር ይጣመራል። የጎደሉት ፊደላት ከዚያ ይገለበጣሉ። በዚህ መካከል ሁለቱ ክሮሞሶሞች በመስቀል ቅርጽ ተያይዘው ይቆያሉ፤ ይህን መጋጠሚያ በ1964 በንድፈ ሐሳብ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሮቢን ሆሊዴይ በመሆኑ በስሙ ይጠራል። ክሮሞሶሞቹ በየቦታው ሲገናኙ በመካከላቸው የፕሮቲን ማያያዣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ዚፕ ይዘጋል። በመጨረሻ መጋጠሚያዎቹ ይፈታሉ። አፈታቱ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱን አካል ይዞ ይመለሳል፤ በቁርጡ አካባቢ ከአቻው የተገለበጡ ጥቂት ፊደላት ብቻ ይቀሩለታል። በሁለተኛው ከመጋጠሚያው በታች ያለው አካል በሙሉ ይቀያየራል። እውነተኛው ልውውጥ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከመቶዎቹ ቁርጦች ጥቂቶቹ ብቻ ወደዚህ ይደርሳሉ።

ትክክለኛነቱን ለመገመት አንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች አሉት እንበል። አንዱ ቅጂ እዚህም እዚያም በፊደል ግድፈት ከሌላው ይለያል። ሁለቱንም በአንድ ገጽ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ቃል መካከል ቆርጣችሁ የአንዱን የፊት ክፍል ከሌላው የኋላ ክፍል ጋር ብታጋጥሙ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል ሳይደገም ሁለት ሙሉ መጻሕፍት ይወጣሉ። ቁርጡ በአንድ ፊደል ቢዛነፍ ግን በጂን ውስጥ የሚከተለው ንባብ ሁሉ ይበላሻል። ሕዋሱ ይህን ስሕተት የሚያመልጠው መቀሱ ትክክለኛ ስለሆነ አይደለም። አብነቱን ፊደል በፊደል ሳያገኝ ስለማይቀጥል ነው።

ቋጠሮው

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ልውውጡ ሲጠናቀቅ ዚፑ ይከፈታል፤ አቻዎቹም መራራቅ ይጀምራሉ። ግን ሙሉ በሙሉ አይለያዩም። አካላቸው በተቀያየረበት ቦታ ላይ ተጠላልፈው ይቀራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለቱ ክሮች የተቆላለፉበት የመስቀል ምልክት ይመስላል። ሳይንሱ ካያዝማ ይለዋል፤ እኔ ቋጠሮ ብለው ይሻለኛል፤ ሥራው የቋጠሮ ነውና።

ሕዋሱ አቻዎችን ለመለየት ከሁለት ተቃራኒ ዳርቻ ገመድ መሰል የፕሮቲን ክሮች ይልካል። ገመዶቹ ክሮሞሶሞቹን ይይዙና ይጎትታሉ። ግን አንደኛው አቻ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ መያዙን ሕዋሱ በምን ያውቃል? በውጥረቱ ነው። ሁለት ሰዎች በጨለማ አንድ ገመድ ከሁለት ጫፍ ሲስቡ እጃቸው ላይ ክብደት ይሰማቸዋል፤ ሁለቱም በአንድ ወገን ከሆኑ ገመዱ ይላላል። አቻዎቹ በቋጠሮ ከተያያዙ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎተቱ ውጥረት ይፈጠራል፤ ሕዋሱም አያያዙ ትክክል መሆኑን ይረዳል። ቋጠሮ ከሌለ የሚወጠር ነገር የለም። ሁለቱ አቻዎች በዘፈቀደ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን። ያን ጊዜ አንዱ እንቁላል አንድ ክሮሞሶም ይተርፈዋል፣ ሌላው ይጎድለዋል።

ክሮሞሶሞች እንዲለያዩ መጀመሪያ መታሰር አለባቸው። ልውውጥ ለጌጥ አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህም ሕዋሱ አንድ ጥብቅ ደንብ ይከተላል፦ እያንዳንዱ ጥንድ፣ ትንሹም ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ቋጠሮ ሊኖረው ይገባል። አንድ ልውውጥ በተደረገበት አካባቢ ሌላ እንዳይደገምም ይከለክላል፤ በዚህም ጥቂቶቹ ቋጠሮዎች በረጅሙ ክሮሞሶም ላይ ተራርቀው ይሰራጫሉ። በአማካይ አንድ የወንድ ዘር ሕዋስ 26 ያህል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 40 ገደማ የልውውጥ ነጥቦችን ይዞ ይወጣል። ከእናት የምንወርሰው ከአባት ከምንወርሰው የበለጠ የተቀጣጠለ ነው ማለት ነው። በዚህ ረገድ ፍጥረት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ወንድ የፍራፍሬ ዝንብ ጨርሶ አይለዋወጥም፣ ክሮሞሶሞቹን የሚያያይዝበት ሌላ ዘዴ አለው።

በወንድ ሰው ውስጥ የከበደ ፈተና ያለው ፆታን በሚወስኑት በኤክስና በዋይ ክሮሞሶሞች ላይ ነው (ሴት ሁለት ኤክስ፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አላቸው)። እነዚህ ሁለቱ በመጠንም በይዘትም አይመሳሰሉም። ግን ጫፋቸው ላይ ሁለት ሚሊዮን ተኩል በሚያህሉ ፊደላት የሚመሳሰሉበት ጠባብ ቦታ አለ። ቢያንስ አንዱ ልውውጥ በዚያች ጠባብ ስፍራ መፈጸም አለበት። የወንድነትን አካል እድገት የሚያስጀምረው ኤስአርዋይ የተባለ ጂን የሚገኘው ከዚህ ስፍራ ድንበር አለፍ ብሎ በዋይ ክሮሞሶም ላይ ነው። ልውውጡ ድንበሩን ካለፈ ይህ ጂን ወደ ኤክስ ሊሻገር ይችላል። እንዲህ ያለ ኤክስ የደረሰው ልጅ ሁለት ኤክስ እያለው በወንድ አካል ያድጋል። ጂኑ በ1990 ሲለይ ፍንጩን ከሰጡት አንዱ የእነዚህ ሰዎች ዲኤንኤ ነበር።

በሴት በኩል ያለው ታሪክ ከዚህም ይገርማል። የሴት ልጅ እንቁላሎች ሚዮሲስ የሚጀምሩት እርሷ ገና ጽንስ ሳለች ነው። ቁርጡም፣ ፍለጋውም፣ ልውውጡም የሚፈጸመው ከመወለዷ በፊት ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክሮሞሶሞቹ በቋጠሮ ታስረው ይጠብቃሉ። እንቁላሉ የሚቀጥለው ከዓመታት በኋላ፣ ለመውጣት ሲዘጋጅ ነው፤ 15 ዓመት፣ 30 ዓመት፣ 45 ዓመት ሊሆን ይችላል። እናንተ የተገኛችሁባት እንቁላል ቋጠሮዎቿ የታሰሩት እናታችሁ በሴት አያታችሁ ማሕፀን ውስጥ ሳለች ነው።

ቋጠሮውን አጥብቀው የያዙት ቀለበት መሰል ፕሮቲኖች በዚህ ሁሉ ዘመን እምብዛም አይታደሱም፤ ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳሉ። የእናት ዕድሜ ሲጨምር ዳውን ሲንድሮም የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው ሦስት ክሮሞሶም 21 እንዳለው በ1959 ተረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ትርፍ ክሮሞሶም 21 ይዘው ከሚወጡት እንቁላሎች ብዙዎቹ በክሮሞሶም 21 ላይ ልውውጥ ያልተደረገባቸው፣ ወይም ልውውጡ በማይመች ስፍራ የተደረገባቸው ናቸው። ነገሩ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ይጀምራል ማለት ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ወቅት ያደረገችው ወይም ያላደረገችው ነገር የለበትም። ይህን ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ራሳቸውን የሚወቅሱ፣ በሌሎችም የሚወቀሱ እናቶች ብዙ ናቸውና።

ከዝንብ ጠርሙስ እስከ በቆሎ ማሳ

ቋጠሮውን አይቶ ትርጉሙን የገመተው ቤልጂየማዊው ካህንና ተመራማሪ ፍራንስ አልፎንስ ያንሰንስ ነው። በ1909 ሳላማንደር የተባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ ሕዋሳት ሲመረምር ክሮቹ ተቆላልፈው አየ፤ ተበጥሰው እየተቀያየሩ መሆን አለበት ሲልም ጻፈ። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፍራፍሬ ዝንቦችን በጠርሙስ ያረባ የነበረው ቶማስ ሀንት ሞርጋን ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ነበረበት። አብረው የሚወረሱ ጠባያት ነበሩት፤ ግን አልፎ አልፎ ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፣ አንዳንዶቹ ፈጽሞ አይለያዩም ለማለት ይቻላል። ሞርጋን የያንሰንስን ሐሳብ ወሰደና በክሮሞሶም ላይ የተራራቁ ጂኖች በመካከላቸው ቁርጥ የማለፉ ዕድል ሰፊ ነው አለ።

ከዚህ ንግግር ትልቁን ነገር ያወጣው የ19 ዓመት ተማሪ ነበር። አልፍሬድ ስተርተቫንት በ1911 አንድ ምሽት የላቦራቶሪውን ቁጥሮች ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የነገውን የቤት ሥራ ትቶ አብዛኛውን ሌሊት ሲያሰላ አደረ። ነጭ ዓይን ከደማቅ ቀይ ዓይን በውርስ 30 ገደማ በመቶ ጊዜ ይለያያል፤ ደማቅ ቀይ ዓይን ከትንሽ ክንፍ 3 በመቶ፤ ነጭ ዓይን ከትንሽ ክንፍ 33 ገደማ በመቶ። ሠላሳና ሦስት ሠላሳ ሦስት ነው። ቁጥሮቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እንዳሉ ነጥቦች ተደመሩ። ጂኖች በተርታ የተሰለፉ መሆናቸው ማንም ጂንን በዓይኑ ሳያይ ታወቀ። ካርታው በ1913 ታተመ፤ የርቀት መለኪያውም ለሞርጋን መታሰቢያ ሴንቲሞርጋን ተባለ።

ይህ ሁሉ ግን ስሌት ነበር። ክሮሞሶሙ በእርግጥ አካሉን እንደሚቀያየር ያሳዩት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በበቆሎ ላይ ይሠሩ የነበሩት ሃሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ ናቸው። ሥራቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። የበቆሎ ክሮሞሶም 9 አብዛኛውን ጊዜ ከአቻው አይለይም። እነርሱ ግን አንድ የተለየ ክሮሞሶም አገኙ፤ በአንድ ጫፉ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ጥቁር እብጠት፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ከክሮሞሶም 8 የተቀጠለ ትርፍ ቁራጭ ያለበት። በዚሁ ክሮሞሶም ላይ የፍሬውን ቀለምና የስታርቹን ዓይነት የሚወስኑ ሁለት ጂኖች ነበሩ። ተክሎቹን አዳቀሉ። የቀለምና የስታርች ጠባይ በአዲስ መልክ የተጣመሩባቸውን ፍሬዎች ለይተው ክሮሞሶሞቻቸውን ሲመለከቱ፣ እብጠቱ ያለ ትርፍ ቁራጩ፣ ወይም ትርፍ ቁራጩ ያለ እብጠቱ ተገኘ። ጠባዩ ሲቀያየር አካሉም ተቀያይሯል። ጽሑፋቸው በ1931 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኩርት ሽተርን በዝንቦች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳየ።

ልውውጡ በክሮሞሶሙ ላይ በየትም አይደለም የሚሆነው። በሰውና በአይጥ ፒአርዲኤም9 የተባለ ፕሮቲን የተወሰነ የፊደል ሰልፍ እየፈለገ ምልክት ያደርጋል፤ ስፖ11 የሚቆርጠው በምልክቱ አካባቢ ነው። የዚህ ፕሮቲን ድርሻ የታወቀው በ2010 ነው።

ልውውጦቹ ጥቂት ከመሆናቸው አንድ የማይታሰብ ውጤት ይወጣል። በየትውልዱ የሚጨመሩት የልውውጥ ነጥቦች ከሁለቱም ወላጆች ተደምረው 70 ቢሞሉ ነው። የቅድመ አያቶቻችን ቁጥር ግን በየትውልዱ እጥፍ ይሆናል፤ ዐሥር ትውልድ ወደ ኋላ 1,024 ቦታዎች አሉ። የዲኤንኤያችን ቁራጮች ለዚህ ሁሉ ሰው አይዳረሱም። በዘር ሐረጋችን ውስጥ በእርግጥ ያሉ፣ ከእነርሱ ባይወለዱ እኛ የማንኖር፣ ግን አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ እንኳ ያላወረሱን ሰዎች አሉ።

መስመሩን ሲስት

ቆርጦ መቀጠል አብነቱን ሲያገኝ ውርስ ነው። አብነቱን ሲሳሳት ወይም ያለ አብነት ሲቀጥል የክሮሞሶሙ ቅርጽ ይለወጣል፤ ቁራጭ ይጎድላል፣ ይደገማል፣ ተገልብጦ ይገባል፣ ወይም ከሌላ ክሮሞሶም ጋር ይቀጠላል።

የመሳሳቱ አንዱ ምክንያት መመሳሰል ነው። በኤክስ ክሮሞሶም ጫፍ ላይ ቀይንና አረንጓዴን ለማየት የሚያስችሉ ጂኖች ተጠጋግተው ተሰልፈዋል፤ ፊደላቸው ከ95 በመቶ በላይ አንድ ነው። ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች ሲጣመሩ የአንዱ ቀይ ከሌላው አረንጓዴ ጋር ሊገጥም ይችላል። ልውውጡ እዚያ ከተደረገ አንዱ ኤክስ አንድ ጂን ይጎድለዋል፤ ሌላው ይተርፈዋል። ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የጎደለው ከደረሰው ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸግረዋል። ይህ ችግር በወንዶች ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ትርፉ ግን ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። የተደገመ ጂን አንዱ ቅጂ የድሮውን ሥራ ሲይዝ ሌላው ለአዲስ ሥራ ነፃ ይሆናል፤ በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከተደጋገሙና ከተለያዩ ጂኖች የተገኘ ነው። ቀይና አረንጓዴን የምናይባቸው ጂኖች ራሳቸው ጥንት ከአንድ ጂን መደገም የመጡ ናቸው።

የክሮሞሶሞች መቀጣጠል በታሪካችንም ውስጥ ተጽፏል። ቺምፓንዚና ጎሪላ 48 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እኛ 46 ነው ያለን። ጥንት ሁለት የነበሩት ተጋጥመው የሰው ክሮሞሶም 2 ሆነዋል። በክሮሞሶሙ መካከል፣ ጫፍ ላይ ብቻ መገኘት የነበረባቸው የፊደል ሰልፎች ፊት ለፊት ተጋጥመው ዛሬም ይታያሉ።

በደም ካንሰር ላይ የተገኘው ደግሞ የሕክምናን አቅጣጫ የቀየረ ነው። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላደልፊያ አንድ ዓይነት ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ሕዋሳት ውስጥ ያለ ልክ ያጠረ ትንሽ ክሮሞሶም አገኙ። ለዓመታት የጎደለ ቁራጭ ተደርጎ ተቆጠረ። ሐኪሟ ጃኔት ራውሊ ግን በአዲስ የማቅለሚያ ዘዴ የተነሡ የክሮሞሶም ፎቶግራፎችን በቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ በመቀስ እየቆረጠች ስትደረድር፣ ከክሮሞሶም 22 የጎደለው ቁራጭ በክሮሞሶም 9 ጫፍ ላይ ተቀጥሎ አየችው። አልጠፋም፤ ቦታ ተለዋውጧል። ግኝቷን በ1973 አሳተመች። ኋላ እንደታወቀው፣ በመጋጠሚያው ላይ የሁለት ጂኖች ቁራጮች ተጣብቀው ሕዋሱን «ተከፋፈል» እያለ ያለ ማቋረጥ የሚያዝ ፕሮቲን ይሠራሉ። ያን ፕሮቲን ለይቶ የሚያግድ ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ለብዙዎች ገዳይ የነበረው በሽታ በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል የሚያዝ ሆነ።

ሰውነታችን እንዲህ ያለውን ቆርጦ መቀጠል ለመከላከያም ይጠቀምበታል። ፀረ እንግዳ አካላትን የሚሠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያድጉ የራሳቸውን ጂን ቆርጠው ቁራጮቹን በተለያየ መንገድ ይገጣጥማሉ፤ ለዚህ ግኝት ሱሱሙ ቶኔጋዋ በ1987 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በመጨረሻ ብዙ ቤት ውስጥ በዝምታ ስላለ ጉዳይ ልናገር። ከ500 ሰዎች አንዱ ገደማ ሁለት ክሮሞሶሞቹ ቁራጭ ተቀያይረው ይወለዳል፤ የጎደለም የተረፈም ነገር ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ችግሩ የሚመጣው ልጅ ሲፈልግ ነው። በሚዮሲስ ጊዜ አቻ ከአቻ እንዲገጥም የተቀያየሩት ሁለቱና ጤነኛ አቻዎቻቸው አራት ሆነው በመስቀል ቅርጽ ይጣመራሉ። አራቱ ሲለያዩ አንዳንዱ የዘር ሕዋስ ጎዶሎ ይዞ ይወጣል፤ ጽንሱም ብዙ ጊዜ ይጨነግፋል። ጽንስ በተደጋጋሚ ከሚጨነግፍባቸው ጥንዶች ከ2 እስከ 5 በመቶ በሚሆኑት ከሁለቱ አንዱ እንዲህ ያለ ክሮሞሶም ይገኝበታል፤ ባልም ሊሆን ይችላል፣ ሚስትም።

ይህን የሚያሳየው ምርመራ ካርዮታይፕ ይባላል። ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ለቀናት እንዲራቡ ይደረጋል፤ ሊከፋፈሉ ሲሉ ተገትተው ክሮሞሶሞቹ ይቀለማሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ በጥንድ ይደረደራሉ። መመርመር ያለባቸው ሁለቱም ናቸው። ውጤቱ መቀያየርን ቢያሳይም መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም። አራቱ ክሮሞሶሞች ከሚለያዩባቸው መንገዶች አንዱ ሁለቱን ጤነኞች ወደ አንድ ወገን፣ ሁለቱን የተቀያየሩትን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይልካል፤ ከሁለቱም ምንም ያልጎደለበት ልጅ ሊወለድ ይችላል።